የመዛግብት አደራጅ ማን ነው? ሥራውስ ምንድን ነው?

ፈተና ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ብገባ ምን ልማር እንደማስብ የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። «ሕክምና» ወይም «ምሕንድስና» ብል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። «መዛግብት ማደራጀት» ስል ግን ጠያቂው ፈገግ ይልና «ፋይል ተሸካሚ ልትሆን ነው?» ይለኛል። ወላጆችና መምህራን በሚያነቡት በዚህ መጽሔት ላይ ነገሩን ዘርዘር አድርጎ መጻፍ ሳይሻል አይቀርም።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚባል ክፍል አለ። የተቋቋመው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዲሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። በቤተ መጻሕፍቱ ከታተሙት መጻሕፍት ሌላ የብራና መጻሕፍት፣ ደብዳቤዎችና የቆዩ ጽሑፎች ይገኛሉ። የታተመ መጽሐፍ ርእስና ደራሲ ስላለው ቦታው በቀላሉ ይታወቃል። ከአንድ ሰው ቤት በሣጥን ታጭቆ የመጣ ወረቀት ግን ርእስም ማውጫም የለውም። ይህን ወረቀት ለአንባቢ እንዲደርስ የሚያደርገው መዛግብት አደራጁ ነው።

ሰው ሁሉ ቢታዘዝ መጀመሪያ የሚያደርገው መለየት ይመስለኛል፤ የንጉሥ ማኅተም ያለበትን ወደዚህ፣ ተራውን ወደዚያ። አደራጁ ግን ከሁሉ አስቀድሞ እጁን ይሰበስባል። ወረቀቶቹ የተቀመጡበትን ተራ ይመለከታል፣ ይመዘግባል እንጂ አያፈርስም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዓመተ ምሕረት ያልተጻፈበት ደብዳቤ ቢያጋጥም ከፊቱና ከኋላው ያሉት ይመሰክሩለታል፤ ከመካከላቸው ከወጣ ግን ምስክር አልባ ይሆናል። በፈረንሳይ አገር በ1841 የወጣ መመሪያ ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ ከአንድ ቤተሰብ ወይም ከአንድ ሰው የተገኘ ወረቀት ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል አንድ ላይ ይቀመጥ ብሎ ደነገገ። ዛሬም በዓለም ያሉ ባለሙያዎች የሚመሩበት ይህ ሐሳብ ነው።

ከዚያ በኋላ የእጅ ሥራው ይመጣል። የዛገ አግራፍ በጥንቃቄ ይነቀላል፤ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ወረቀቱ አሲድ በሌለው ፋይል ገብቶ በካርቶን ሣጥን ይቀመጣል። ቀለሙም መታወቅ አለበት። ከጥቀርሻ የተበጠበጠው የአገራችን ጥቁር ቀለም ወረቀት አይበላም፤ ብረት ያለበት የፈረንጅ ቀለም ግን ውሎ አድሮ ወረቀቱን ይበሳዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ስም ነው፤ ይህም ለወለጋ ሰው ሩቅ አይደለም። በነቀምቴ ከነበረው ከኩምሳ ሞረዳ ግቢ የተገኙ የአማርኛ ደብዳቤዎች፣ አሌሳንድሮ ትሪውልዚና ተሰማ ታአ አሰናድተዋቸው፣ «የወለጋ የታሪክ ሰነዶች» በሚል ርእስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትመዋል። ኩምሳ ሲጠመቁ ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር ተብሏል። እንግዲህ «ኩምሳ»ን የሚፈልግ አንባቢ «ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር» የሚለውን ደብዳቤ እንዴት ያገኘዋል? ነቀምቴም በድሮ አማርኛ «ለቀምት» ተብላ ትጻፍ ነበር። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው፣ ሁለቱ አጻጻፎች የአንዲት ከተማ መሆናቸውን በመምሪያው ላይ ጽፎ ማገናኘት የአደራጁ ድርሻ ነው። ኦሮምኛ የማያውቅ ሰው የቦታውንና የሰውን ስም ያበላሻል፤ የድሮ የአማርኛ እጅ ጽሑፍ የማያነብም ደብዳቤውን ከመክፈት አያልፍም። ከአንደኛ ክፍል ጀምረን በቁቤ የተማርን ልጆች ሁለቱንም ካልያዝን የአያቶቻችንን ወረቀት ሌላ ሰው ያንብብልን ማለታችን ነው። እኔን ወደዚህ ሙያ የሳበኝም ይኸው ነው።

ሁሉም ነገር ለሁሉ ይከፈታል ማለት ግን አይደለም። በሕይወት ያለ ሰው ሕመም ወይም የቤተሰብ ጠብ የተጻፈበት ወረቀት እስከ ተወሰነ ጊዜ ድረስ ሊዘጋ ይችላል። ሰጪው ሲያስረክብ የተናገረውም ቃል ይከበራል።

በአርጆም በየቤቱ ወረቀት አለ። በእኛ ቤት የአያቴ የግብር ደረሰኞችና ጥቂት ደብዳቤዎች በክር ታስረው በቆርቆሮ ሣጥን ይገኛሉ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆን ደረሰኞቹ ዋጋ አጡ፤ አኮዬ ግን አልጣለቻቸውም። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ አንድ ጥግ ረጠበ። አጎቴ የረጠበው ይቃጠል፣ ማኅተም ያለበት ብቻ ይቀመጥ አለ። እኔም የረጠቡት ሳይላቀቁ በጥላ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ይድረቁ ብዬ ለመንኩ። ገና አልተስማማንም፤ ባለቤቷ አኮዬ ናትና ውሳኔው የእርሷ ነው። ለጊዜው ሣጥኑ ምስጥ እንዳይደርስበት ከመሬት ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ክሩም አልተፈታም።