ዲያስፖራው ተኛ ወይስ ዛለ?

ሰሞኑን በሄድኩበት ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር እየሰማሁ ነው። «ይቅርታ አድርግልኝና ፕሮግራምህን ማየት ትቻለሁ። አገር ቤት ምን ተፈጠረ ብዬ መጠየቅም አቁሜያለሁ። ሰለቸኝ» ይሉኛል። እንዲህ የሚሉኝ ድሮም ግድ ያልነበራቸው ሰዎች ቢሆኑ አይገርመኝም ነበር። ነገር ግን ሰልፍ ሲጠራ ከሥራ አስፈቅደው በዝናብ የሚወጡ፣ ለተፈናቃይ ሲዋጣ ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ የሚከቱ ናቸው። እኛ ፖለቲካ ሳይንስ የተማርን ሰዎች ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም ለማውጣት እንቸኩላለን። የፖለቲካ ግድየለሽነት እንለዋለን። እኔም በዚሁ መድረክ ላይ ተቀምጬ «ዲያስፖራው ተኝቷል» ብዬ ወቅሻችሁ አውቃለሁ። ዛሬ ያንን ወቀሳ መልሼ ልመረምረው ፈልጌያለሁ።

እስቲ ውሏችሁን ቁጠሩት። ዋሽንግተን አካባቢ ያለው ወንድማችን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ ኤርፖርት ይገባል፤ ከዚያ ሲወጣ ኡበር ይነዳል። እህታችን አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሰው ስታነሣና ስታስተኛ ትውልና ማታ የልጆቿን የቤት ሥራ ታያለች። ጋደም ሲሉ ሥራ አለቀ? አላለቀም፤ ሁለተኛው ፈረቃ ገና መጀመሩ ነው። ዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ሲሆን አዲስ አበባ ጠዋት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው። አገር ቤት ሲነቃ ስልኩም አብሮ ይነቃል። የእናት መድኃኒት አልቋል፣ የወንድም ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል፣ የሰፈር ሰው አርፏል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ አንድ ቪዲዮ ተለቋል፤ ደም አለበት፤ እጃችን ግን አይቶ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ውስጥ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ፣ ወላጆቻቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ ወራት የገፉ ወገኖች አሉ። በ2023 አማራ ክልል ኢንተርኔት ሲዘጋ ሌሎች ቤቶች ውስጥ ያው ጭንቀት ተደገመ። እነዚህ ሰዎች በማግስቱ ጠዋት ፈገግ ብለው እንግዳ ሲያስተናግዱ ነው የዋሉት።

ፈረንጆቹ ይህን በርንአውት ይሉታል፤ ነድዶ ማለቅ እንደማለት ነው። እኔ ዝለት ብለው ይሻለኛል። ቃሉን ወደ ሥነ ልቦና ጥናት ያስገባው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል ባለሙያ ነው። ሰውዬው ራሱ በልጅነቱ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ ኒውዮርክ የገባ ስደተኛ ነበር። ቀን በግል ቢሮው ሕሙማን ሲያይ ይውልና ማታ በነፃ በሚያክም ክሊኒክ ያገለግላል። እዚያ በፈቃደኝነት የሚሠሩት ሰዎች ከጊዜ በኋላ እየደከሙ፣ እየተነጫነጩ፣ ሊረዱት የመጡትን ሰው እየተጸየፉ ሲሄዱ አየ። እሱም ራሱ አልቀረለትም። ያየውን እ.ኤ.አ. በ1974 ጽፎ አሳተመ። ልብ በሉልኝ፣ የዛሉት በዓላማው አምነው ራሳቸውን ሳይቆጥቡ የሰጡት ነበሩ። ለሥራው ግድ ያልነበረው ሰውማ ምን ያዝለዋል?

ከእሱ በኋላ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችው ክርስቲና ማስላክ ከባልደረባዋ ጋር በ1981 ዝለትን የሚለካ መጠይቅ አወጣች። መጠይቁ ሦስት ነገር ይመለከታል። አንዱ ተኝተው ቢነሡም የማይለቅ ድካም ነው። ሌላው የሠሩት ሁሉ ከንቱ መስሎ መታየቱ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ የልብ መደንደን። ሰው ሰው መሆኑ ቀርቶ ሸክም መስሎ ይታያችኋል።

የራሴን ልንገራችሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ እህቴ ከደሴ ደወለች። አክስታችን ማረፏን ልትነግረኝ ነበር። እኔ ስሟን ስልኩ ላይ ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ደግሞ ስንት ልትጠይቀኝ ነው?» የሚል ነበር። እሷ እያለቀሰች እኔ በሆዴ የለቅሶውን ወጪ አሰላለሁ። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እንባ ግን አልመጣም። ለብዙ ቀን ክፉ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ራሴን ስረግም ከረምኩ። ተሟጥጬ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። «አገሬ ሰለቸችኝ» የሚለኝን ሰው ስሰማ አሁን ያ የስልክ ጥሪ ትዝ ይለኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዝለትን በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ ሲያስገባ በሽታ አላለውም። በሥራ ቦታ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ መላ ካልተበጀለት ውጥረት የሚመጣ ነገር ነው አለ፤ ከሥራ ውጪ ላለው ችግር ቃሉን አትጠቀሙበት ሲልም አሳሰበ። ለሐኪም ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነው። ለእኛ ግን ጠባብ ይመስለኛል። ዘመድ አዝማድ የሚያስተዳድር ሰው ሌሊት ስልክ ይዞ የሚያደርገው ሥራ ካልሆነ ምንድነው?

ሐኪም ቤት ስንሄድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የእኛ ሰው «ተጨንቄያለሁ፣ ከአቅሜ በላይ ሆኗል» አይልም። «ራሴን ይወጋኛል፣ ልቤን ይደልቀኛል፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል» ነው የሚለው። ዋሽቶ አይደለም፤ ጭንቀት በእርግጥም ሰውነት ላይ ይወጣል። ሐኪሙ ግን የነገሩትን ይዞ የጨጓራ ክኒን ጽፎ ይሸኛል። ስለዚህ በቁጥር ንገሩት፤ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠሩ፣ እንዲህ ከሆናችሁ ስንት ወር እንዳለፈ። ደማችሁ ይመርመር። የደም ማነስ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ በእንቅልፍ መሐል ትንፋሽ መቆራረጥ፣ ሁሉም ዝለት የሚመስል ድካም ያመጣሉ። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እባካችሁ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ጭንቀት በአፉ ተርጉሞ ወደ ቤት ሲመለስ ምን ይዞ እንደሚመለስ አስቡት።

ድባቴ ከዚህ ይለያል። ዝለት ብዙውን ጊዜ ከሥራው ራቅ ሲሉ ትንሽ ፋታ ይሰጣል፤ ድባቴ ግን ሠርግም ላይ፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ መስጊድም አብሮ ይሄዳል። ሞትን መመኘት ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። አሜሪካ ያላችሁ 988 ደውሉ፤ ሌት ተቀን ይሠራል፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እኛ እኮ ዕረፍት በቀን መቁጠሪያ ውስጥ ከነበረበት አገር ነው የመጣነው። ገበሬው በበዓል ቀን በሬ አይጠምድም ነበር። ቡናውም አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሰውን በግድ ያስቀምጣል። እዚህ መጥተን ሰንበቱን «ኦቨርታይም» ሸጥነው፤ ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዘን መሮጥ ጀመርን። አገር ቤት ድካም አልነበረም እያልኩ አይደለም። ማረፍን ግን ማንም እንደ ስንፍና አይቆጥርብንም ነበር።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶቼ «ዕረፉ» ብዬ ልመክር አልደፍርም። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ የቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ማረፍ አለባት፤ በቀንም ከ12 ሰዓት በላይ መሥራት የለባትም። ሕጉ ግን የአሠሪዋን በር አንኳኩቶ አይገባም። ለእነሱ ጉዳዩ የመብት ጉዳይ ነው፤ ራሱን የቻለ ፕሮግራም እሠራበታለሁ።

ምርጫ ያለን ግን እናድርገው። አሜሪካ ውስጥ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት አንድ ዓመት ከሠራችሁ፣ በዚያም ዓመት 1,250 ሰዓት ከሞላችሁ፣ ከባድ የጤና ችግር እንዳለባችሁ ሐኪም ሲያረጋግጥ እስከ 12 ሳምንት ፈቃድ መውሰድ ትችላላችሁ። ክፍያ የለውም፤ የሥራ ቦታችሁ ግን ይጠበቅላችኋል። ስልኩን ሌሊት ከመኝታ ቤት አውጡት። ዜና በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም በብርሃን ይበቃል። ይህን የምላችሁ ከዜና እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ «ራስህን ከሥራ ልታባርር ነው» ብላ ስቃብኛለች። የእኔንም ፕሮግራም ሌሊት አትዩት፤ ድጋሚው ቅዳሜ ቀን አለ።

ከሁሉ የከበደኝ የገንዘቡ ነገር ነበር። በመጨረሻ ለእህቴ ደውዬ «በወር ይህን ያህል እልካለሁ፣ ወር በገባ በ5ኛው ቀን እልካለሁ፣ ከሞትና ከሆስፒታል በቀር በመሐል አትጠይቂኝ» አልኳት። ተቀየመች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልደወለችም፤ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። አሁን እሁድ እሁድ እንደዋወላለን። ባለፈው እሁድ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ያወራነው ጎረቤቷ ስለገዛት ላም ነው።