የሥራ መልእክት በስልክ ሲላክ፦ ምን ይድመቅ? ምን ይተው?

ክረምት ሲገባ የቀበሌ ግብርና ባለሙያ ስልክ ዕረፍት የለውም። የማዳበሪያ ስርጭት መርሐ ግብር፣ የምርጥ ዘር ርክክብ፣ የተባይ አሰሳ ማሳሰቢያና የሳምንታዊ ሪፖርት ጥሪ በአብዛኛው የሚደርሱት በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ቡድን በኩል ነው። ቀደም ሲል በደብዳቤ ይተላለፍ የነበረው መመሪያ ዛሬ በአንድ ጣት ንክኪ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል።

ፍጥነቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ደብዳቤ የነበረው ሥርዓት፣ ማለትም ቀን፣ ቁጥር፣ "ጉዳዩ" የሚል ርእስና የተሰመረበት ዋና ሐሳብ፣ በስልክ መልእክት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሰላምታና ትእዛዝ፣ ቀንና መጠን የተደባለቁበት ሃያ መስመር ጽሑፍ፣ በማሳ ዳር ቆሞ በፀሐይ ብርሃን ለሚያነብ ሰው ይላካል። አንባቢው አንዲት ቁጥር ብታመልጠው ጉዳቱ በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም። አህያውን ይዞ ረጅም መንገድ ተጉዞ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን መጋዘን ተዘግቶ የሚያገኘው አርሶ አደር ነው።

ዋትስአፕም ሆነ ቴሌግራም ጽሑፍን ማድመቂያ፣ መዘርዘሪያና መሰረዣ መንገዶች አሏቸው። እነዚህ መንገዶች እንዴት እንደሚሠሩ፣ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የት እንደሚጠቅሙና የት እንደማይጠቅሙ ቀጥለን እንመልከት።

ምልክቶቹ እንዴት ይሠራሉ?

በዋትስአፕ አንድን ቃል ለማድመቅ በፊቱና በኋላው አንድ አንድ ኮከብ (*) ይደረጋል። ጽሑፉን ዘመም ለማድረግ የታች ሰረዝ (_)፣ የተሰረዘ ለማስመሰል ደግሞ የሞገድ ምልክት (~) በተመሳሳይ መንገድ ያገለግላል። እነዚህ ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ አሉ። በየካቲት 2016 ዓ.ም ደግሞ ዝርዝር ማውጫ፣ በቁጥር የተደረደረ ዝርዝርና የጥቅስ ምልክት ተጨምረዋል። በመስመሩ መነሻ ላይ ሰረዝና ክፍት ቦታ ከተደረገ ዝርዝር ይሆናል፤ "1" ተጽፎ ነጥብና ክፍት ቦታ ከተከተለ በቁጥር የተደረደረ ዝርዝር ይሆናል።

ቴሌግራም የሚጠይቀው ከእያንዳንዱ ምልክት ሁለት ሁለት ነው፤ ሁለት ኮከብ ያደምቃል፣ ሁለት የታች ሰረዝ ያዘምማል፣ ሁለት የሞገድ ምልክት ይሰርዛል። ምልክቶቹን ማስታወስ የሚቸግረው ሰው ቃሉን በጣቱ ተጭኖ ከመረጠ በኋላ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የሚፈልገውን መምረጥ ይችላል።

ችግር የሚፈጠረው መልእክቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ነው። ለአንዱ የተጻፈው ምልክት በሌላው ላይ ላይሠራ ስለሚችል በጽሑፉ መካከል ኮከቦች ተበትነው ይታያሉ። ገልብጦ የሚልክ ሰው ከመላኩ በፊት አንድ ጊዜ መመልከት ይኖርበታል። የመደብ ስፋት ወይም የተክል ርቀት ሲጻፍም ኮከብን እንደ ማብዣ ምልክት መጠቀም ከማድመቂያው ጋር ሊቀላቀል ስለሚችል "80 በ40 ሴንቲ ሜትር" ብሎ በቃል መጻፍ ይሻላል። "በሐሙስ" የሚለውን ማድመቅ የፈለገ ደግሞ ኮከቡን በቃሉ መካከል ሳይሆን ከ"በ" ፊት ያኑር።

በቴሌግራም ሌላ ጠቃሚ መንገድ አለ። በግራ ያዘመመች ነጠላ ጭረት (`) በፊትና በኋላ የተደረገበት ቁጥር አንድ ጊዜ ሲነካ ራሱ ይገለበጣል። ለስልክ ቁጥር፣ ለባንክ ሒሳብ ቁጥርና ለደረሰኝ ቁጥር ይህ የመጻፍ ስሕተትን ያስቀራል። በአንጻሩ ጽሑፍን የሚሸፍነውና ሲነካ ብቻ የሚገልጠው የቴሌግራም ምልክት ለጨዋታ እንጂ ለሥራ አይሆንም።

ፊደላችንና ማድመቂያው

በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች ትኩረት ሲፈልጉ ቃሉን በትልልቅ ፊደላት ይጽፉታል። የግእዝ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለውም። ስለዚህ በአማርኛ መልእክት ውስጥ አንድን ቃል ከሌላው ለይቶ ለማሳየት ማድመቂያው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፍት የአምላክንና የቅዱሳንን ስም፣ እንዲሁም የክፍል መነሻዎችን በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር፤ የቀረው በጥቁር ይጻፋል። ቀዩ ዓይን የሚይዘው ጥቁሩ ስለሚበዛ ነው። መልእክቱን በሙሉ የሚያደምቅ ሰው ምንም እንዳላደመቀ ይቆጠራል።

ሁሉም ማድመቂያ ለፊደላችን እኩል አይስማማም። ዘመም ያለ አጻጻፍ በአውሮፓ ፊደላት ውስጥ የራሱ ታሪክ ያለው ሲሆን የአማርኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍቶ የሚያጋድለው ነው። ለንባብ አይመችም። ደማቁም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። በፊደላችን "ሰ" እና "ሱ"፣ "ለ" እና "ሉ" የሚለዩት በትንንሽ ቅጥያዎች ነው። በአንዳንድ ስልክ ላይ ፊደሉ ሲወፍር እነዚህ ቅጥያዎች ይደፈናሉ። ሁለት ሦስት ቃል ማድመቅ እንጂ አንቀጽ ማድመቅ የማይመከረው ለዚህ ጭምር ነው።

ምን ይድመቅ?

በሥራ መልእክት ውስጥ ዓይን መጀመሪያ ሊያርፍባቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ምን እንደሚደረግ፣ መቼ እንደሚደረግ፣ ምን ያህል እንደሆነ። ሰላምታው፣ ምክንያቱና ምስጋናው በተራ ጽሑፍ ይቀመጣሉ።

ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን እንይ።

"ሰላም ለሁላችሁ እንደምን ዋላችሁ እንደሚታወቀው ማዳበሪያ ስለገባ ሐሙስ በ3 ሰዓት ርክክብ ስላለ ሁላችሁም የአርሶ አደሮቹን ዝርዝር ይዛችሁ እንድትገኙ ዝርዝሩ ያልተሟላ ቀበሌ ግን ረቡዕ እንዲያሟላ እናሳስባለን እናመሰግናለን"

ሐሳቡ ሙሉ ነው፤ ነገር ግን ረቡዕና ሐሙስ ተቀላቅለዋል፣ ቦታውም አልተጠቀሰም። በዋትስአፕ እንዲህ ቢጻፍ ሌላ መልክ ይይዛል።

"*ጉዳዩ፦ የማዳበሪያ ርክክብ*
ሰላም ለሁላችሁ።
- ቀን፦ *ሐሙስ ሐምሌ 4/2016 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት*
- ቦታ፦ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን
- ይዛችሁ የምትመጡት፦ የአርሶ አደሮች ስም ዝርዝር
ዝርዝሩን ያላሟላ ቀበሌ *እስከ ረቡዕ ሐምሌ 3 ከቀኑ 11 ሰዓት* ያሟላ። እናመሰግናለን።"

የደመቁት ሦስት ቦታዎች ብቻ ናቸው። እነርሱን ብቻ ያነበበ ሰው እንኳ ሊያውቀው የሚገባውን ዋና ነገር ያገኛል።

ቀን፣ ሰዓትና መጠን

ማድመቂያ አሻሚ ቁጥርን ግልጽ አያደርግም። "3:00" የሚለውን አንዱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሌላው ስልኩ እንደሚያሳየው ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ሊረዳው ይችላል። "ከጠዋቱ" ወይም "ከቀኑ" የምትለው ቃል ከየትኛውም ኮከብ ትበልጣለች። ከአጋር ድርጅቶች የሚመጡ መልእክቶች ብዙ ጊዜ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይጻፋሉ፤ ሐምሌ 4 ቀን 2016 ዓ.ም በእነርሱ ጁላይ 11 ቀን 2024 ነው። "4/11" ብቻ ተብሎ የተላከ ቀን አንዱን ወደ ሐምሌ፣ ሌላውን ወደ ኖቬምበር ይወስዳል። የወሩን ስም መጻፍ ክርክሩን ይዘጋል።

በመጠን ላይ ያለው አደጋ ይበልጣል። ቁጥር ያለ መለኪያ መጻፍ የለበትም። የፀረ ተባይ መጠን "0.5" ተብሎ ሲላክ ነጥቧ በትንሽ መስታወት ላይ ካልታየች አሥር እጥፍ ይሆናል። "ግማሽ ሊትር (0.5 ሊትር) ለአንድ ሄክታር" ብሎ በቃልም በቁጥርም መጻፍ ይገባል። መጠኑ ለሄክታር ይሁን ለጥማድ መገለጽም አለበት፤ አንድ ጥማድ በብዙ አካባቢ እንደ ሩብ ሄክታር ስለሚቆጠር ልዩነቱ አራት እጥፍ ነው። መድኃኒቱ ሲረጭ ደግሞ የመጨረሻው መመሪያ ምንጊዜም በዕቃው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው።

ስሕተት ሲታረም

ዋትስአፕ የተላከን መልእክት እስከ 15 ደቂቃ፣ ቴሌግራም በቡድን ውስጥ እስከ 48 ሰዓት ድረስ ለማረም ይፈቅዳል። ነገር ግን ሌላ ሰው ቀድሞ ወደ ሌላ ቡድን ያስተላለፈው ቅጂ አይታረምም። ወረዳው ዘንድ የታረመው ቁጥር ቀበሌው ዘንድ እንደ ቀድሞው ይቀራል። ቁጥሩን በላዩ ላይ በመሰረዝ ማረምም አያስተማምንም፤ መስመር ያረፈበት 3 በቀላሉ 8 ይመስላል።

የሚሻለው "*ማስተካከያ*" ብሎ የሚጀምር አዲስ መልእክት መላክ ነው። በውስጡ የቀድሞው መልእክት የተላከበት ቀን፣ የተሳሳተው ነገር ምን እንደሆነና ትክክለኛው ይገለጻል። ከዚያም መልእክቱን በቡድኑ አናት ላይ ፒን ማድረግ ዘግይቶ የሚገባው ሰው አስቀድሞ እንዲያየው ይረዳል።

ማድመቂያው የማይደርስበት

የባለሙያው ስልክ የመልእክቱ መጨረሻ አይደለም። አብዛኛው አርሶ አደር መረጃውን የሚያገኘው በአጭር የጽሑፍ መልእክት፣ በስልክ ጥሪ ወይም በስብሰባ ላይ ሲነበብ ነው። በአጭር የጽሑፍ መልእክት ኮከብ ኮከብ ሆኖ ይቀራል እንጂ ምንም አያደምቅም። በላቲን ፊደል አንድ አጭር መልእክት እስከ 160 ምልክት ሲይዝ በአማርኛ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ የበለጠው ተከፋፍሎ ስለሚላክ እያንዳንዱ የጌጥ ምልክት ቦታ ይሻማል። እንደ 8028 የአርሶ አደሮች የስልክ አገልግሎት ባሉ በድምፅ በሚሠሩ መንገዶች ደግሞ ዓይን ምንም ድርሻ የለውም፤ ጆሮ የሚይዘው የዐረፍተ ነገሩን ቅደም ተከተል ነው።

ስለዚህ አንድ መልእክት ከመላኩ በፊት ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ቀላልና አስተማማኝ መፈተሻ ነው። ማድመቂያው ቢገፈፍም ቀኑ፣ ቦታውና መጠኑ ሳይምታቱ የሚሰሙ ከሆነ መልእክቱ ሊላክ ይችላል። የሚምታቱ ከሆነ ግን መስተካከል ያለበት ዐረፍተ ነገሩ ነው። ጽሕፈት ቤቶችም ለማዳበሪያ ርክክብ፣ ለተባይ ማስጠንቀቂያና ለሪፖርት ጥሪ አንድ አንድ ወጥ የአጻጻፍ ናሙና አዘጋጅተው በየቡድኑ ቢያኖሩ ተጨማሪ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ባለሙያው ቀኑን የት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ካወቀ፣ በዝናብ መካከል ስልኩን ለአፍታ ቢከፍት እንኳ ያገኘዋል።