ማብሪያው የማይሠራበት ጨለማ

ንቁ ሕልም የሚባለው የተኛ ሰው «ይሄ እኮ ሕልም ነው» ብሎ እያወቀ የሚያልመው ሕልም ነው። ልምምዱን የሚጀምር ሰው በሐሳቡ የሚመላለሰው መብረሩ፣ ካለፈ ዘመድ ጋር መገናኘቱ፣ ያላየውን አገር ማየቱ ነው። መጀመሪያ የሚገጥመው ግን ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ብቻውን ጨለማ ውስጥ መንቃት ነው። በልጅነቴ ትቼዋለሁ ያለው የጨለማ ፍርሃት አብሮት እንዳደገ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

አንዳንዶች ፍርሃቱ ጨርሶ ካልጠፋ አልጀምርም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሕልሙ ውስጥ ገብቼ የምፈራውን እገጥመዋለሁ፣ ፍርሃቱም በዚያው ያልቅለታል ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሲጠብቁ ይኖራሉ፤ ሁለተኛዎቹ ከባዱን ፈተና በመጀመሪያው ቀን ይቀመጣሉ። ጨለማንም ሕልምንም አስፈሪ የሚያደርጋቸው አእምሮ «አሁን ይመጣል» ብሎ የሚጠብቀው ነገር ነው። ይህን የሚጠብቀውን ነገር በቅድሚያ በንቃት፣ በገዛ ክፍል ውስጥ መለወጥ ያዋጣል።

አስቀድሞ ግን ልምምዱ ለምን ሌሊት መንቃትን እንደሚጠይቅ እንይ። እ.አ.አ በ1953 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዩጂን አሴሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን፣ የተኛ ሰው ዓይኖች ከሽፋናቸው ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀሱበት የእንቅልፍ ክፍል እንዳለ አሳዩ። ቁልጭ ያሉት ሕልሞቻችን በአብዛኛው የሚመጡት በዚህ ክፍል ነው። በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ ሌሊቱ ሲጀምር አጭር ነው፣ ወደ ንጋት ሲቃረብ እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ ማታ አራት ሰዓት የተኛ ሰው ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ላይ ተነሥቶ ጥቂት ቆይቶ፣ «ቀጥሎ ሳልም ሕልም መሆኑን አስታውሳለሁ» እያለ መልሶ ቢተኛ፣ የሚገባው በቀጥታ ወደ ረጅሙ የሕልም ሰዓት ነው። ይህን ሐሳብን ይዞ የመተኛት ዘዴ ያዳበረው የስታንፎርዱ ስቲቨን ላበርዥ ነው።

ነገሩ ተረት እንዳልሆነም የተረጋገጠው በዓይን እንቅስቃሴ ነው። በሕልም ሰዓት የሰውነት ጡንቻ ይፈታል፤ ዓይን ግን ይንቀሳቀሳል። በ1975 በእንግሊዝ ኸል ዩኒቨርሲቲ ኪት ኸርን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ላበርዥ፣ የሚያልመው ሰው አስቀድሞ የተስማሙበትን የግራ ቀኝ የዓይን ምልክት ከሕልሙ ውስጥ ሲሰጥ በመሣሪያ መዘገቡ። በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ ምልልሱን የሁለት ወገን አደረገው፤ የተኛውን ሰው «ስምንት ሲቀነስ ስድስት?» ብለው ሲጠይቁት ዓይኑን ሁለት ጊዜ ግራ ቀኝ አንቀሳቅሶ መለሰ።

ፍርሃት እንቅፋት የሚሆነው በዚህ የመንቃትና መልሶ የመተኛት መሃል ነው። በአውስትራሊያ አደሌድ ዩኒቨርሲቲ ዴንሆም አስፒ በ2017 ባሳተመው ጥናት፣ ዘዴዎቹን አጣምረው የሞከሩ ሰዎች ንቁ ሕልም ያዩት 17 ከመቶ በሚሆኑት ሌሊቶች ነበር። ልምምዱን ጨርሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ በወሰዳቸው ሰዎች ግን ቁጥሩ ወደ 46 ከመቶ ከፍ አለ። ጥናቱ የጨለማን ፍርሃት አልለካም፤ ነገር ግን ጆሮውን አቁሞ ከኮሪደሩ የሚመጣ ኮቴ የሚያዳምጥ ሰው በአምስት ደቂቃ እንቅልፍ እንደማይወስደው ለማወቅ ጥናት አያሻም።

ጨለማ መፍራት የቦቅቧቃነት ምልክት አይደለም። በ1997 ክሪስቲያን ግሪዮንና ባልደረቦቹ ሰዎችን በብርሃንና በጨለማ አስቀምጠው ድንገተኛ ድምፅ አሰሙ፤ ድንጋጤው በጨለማው በርትቶ ተገኘ። ሌሊት የምትንቀሳቀሰው አይጥ ግን ድንጋጤዋ የሚበረታው በደማቅ ብርሃን ነው። የሰው ሰውነት የቀን እንስሳ ሰውነት ነውና ዓይኑ ሲታገድበት ጥበቃውን ያጠናክራል።

ፍርሃቱን የዓይንም አሠራር ያግዘዋል። በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት የዓይን ሕዋሳት ጨለማውን ሙሉ ለሙሉ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል። መብራት ባጠፋን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዓይን ለአንጎል የሚያቀርበው መረጃ እጅግ ትንሽ ነው፤ የጎደለውን አንጎል ከሚያውቀው ይሞላዋል። በበሩ ጀርባ የተሰቀለው ካፖርት ትከሻ ያበጃል፣ ኮፍያው ራስ ይሆናል። በልጅነቱ «ዝም በል፣ ጅብ ይመጣል» እየተባለ የተኛ ሰው የሚሞላው በጅብና በጭራቅ ነው፤ ቤቱ ተሰብሮ የሚያውቅ ሰው የሚሞላው በሌባ ነው። ስልክ አብርቶ ማየት ለጊዜው ያረጋጋል፤ ግን ዓይን የጀመረውን መልመድ ያፈርሰዋልና መብራቱ ሲጠፋ ካፖርቱ እንደገና ሰው ይሆናል።

እንቅልፍ ይህን ያባብሰዋል። በ1996 የታተመ የአንጎል ምስል ጥናት እንዳሳየው፣ በሕልም ሰዓት ስሜትን በተለይም ፍርሃትን የሚያስተናግደው አሚግዳላ ሲነቃ፣ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚመረምረው የግንባር በኩል የአንጎል ክፍል ይቀዘቅዛል። እየፈራ የተኛ ሰው ፍርሃቱን ይዞ የሚገባው እንግዲህ ፍርሃት በተመቸው ቤት ውስጥ ነው።

ጀማሪው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ ዱካክ። አእምሮ ሲነቃ የጡንቻው መፈታት ሳይለቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ዓይን ተገልጦ ክፍሉ ይታያል፣ እጅና እግር ግን አይታዘዝም፤ ደረት ላይ የሚጫን፣ በአልጋው አጠገብ የሚቆም አካል ይታያል ወይም ይሰማል። ያልጠፋው ሕልም ከክፍሉ ጋር ተደርቦ ነው። በ2011 የተለያዩ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ፣ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ የገጠማቸው ሰዎች ከጠቅላላው ሕዝብ 8 ከመቶ ገደማ፣ ከተማሪዎች ደግሞ 28 ከመቶ እንደሚሆኑ አሳይቷል። የተቆራረጠ እንቅልፍና በጀርባ መተኛት ያመጡታል፤ ሌሊት እየተነሡ መተኛትም እንቅልፍን መቆራረጥ ነው። ስለዚህ ተለማማጁ በጎኑ ቢተኛ ይሻለዋል። ከመጣም በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፤ ከመታገል ይልቅ በዝግታ መተንፈስና የጣትን ጫፍ ብቻ ለማንቀሳቀስ መሞከር ይበጃል።

አሁን ወደ ልምምዱ። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ፍርሃትን የሚያክሙት የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ ወደ ከባዱ በደረጃ በማስለመድ ነው። ለጨለማ ሲሆን የመጀመሪያው ደረጃ የኮሪደሩ መብራት በርቶ በሩ ገርበብ ባለበት ክፍል መቀመጥ ነው። ቀጥሎ በሩ ይዘጋል። ከዚያ መብራቱ ሁሉ ይጠፋል፣ ሰው ግን ሳሎን ውስጥ አለ። በመጨረሻ ብቻን መሆን፣ መብራት ሳያበሩም እስከ መታጠቢያ ቤት ደርሶ መመለስ። ይህ ሁሉ የሚጀመረው ማታ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ አሥር ሰዓቱ ኋላ ይደርሳል።

በየደረጃው ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ ሰውየው ከመግባቱ በፊት የሚፈራውን በግልጽ ይናገር፦ «ከቁም ሣጥኑ አጠገብ ሰው ቆሞ አያለሁ፣ ልቤም ሊቆም ይደርሳል።» ከዚያ ገብቶ ይቀመጥና ያለው ይደርስ እንደሆነ ይይ። አእምሮ የሚማረው የጠበቀው ሳይሆን ሲቀር ነው፤ ካልተናገረው ግን ሳይሆን መቅረቱን ልብ አይለውም። ሁለተኛ፣ ፍርሃቱ ጣሪያ በነካበት ሰዓት ሮጦ አይውጣ፣ ፊቱንም በብርድ ልብስ አይሸፍን። የተሸፈነ ሰው ጠዋት የሚደመድመው «ምንም አልነበረም» ብሎ ሳይሆን «ብርድ ልብሱ አዳነኝ» ብሎ ነው።

ይህ ዝግጅት ለምን እንደሚያስፈልግ የሚታየው ሕልሙ ውስጥ ነው። ጨለማ የሚፈራ ሰው በሕልሙ ጨለማ ክፍል ውስጥ ራሱን ቢያገኝ፣ ሕልም መሆኑንም ቢያውቅ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ማብሪያውን መጫን ነው። ኪት ኸርን በ1981 ይህንኑ ፈትኖት ነበር፤ ንቁ ሕልም የለመዱ ሰዎች በሕልማቸው መብራት እንዲያበሩ ጠየቃቸው። ማብሪያው ይጫናል፣ ክፍሉ ግን እንደሚፈለገው አይበራም። የሚሳካላቸው ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን በመብራት ብቻ የሚተማመን ሰው ያ ማብሪያ ዝም ሲለው የሚጠብቀው ክፉ ነገር ወዲያው ቅርጽ ይይዛል። ጨለማውን እንዳለ ተቀብሎ መቆም የለመደ ሰው ግን ጊዜ ያገኛል፤ በር ፈልጎ «ከዚህ ወዲያ ቀን ነው» ብሎ ሊወጣ ይችላል።

ቅርጽ ለያዘውም ነገር መልስ አለ። ፈረንሳዊው ሄርቬ ደ ሳን ደኒ በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በየክፍሉ የሚያሳድዱት አስፈሪ ፍጡሮች እየተመላለሱ ይመጡበት እንደነበር፣ አንድ ሌሊት ግን መሸሹን ትቶ ዘወር ብሎ በዝርዝር እንደተመለከታቸው ይተርካል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፓውል ቶላይም ከመቶ ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ምክር ሰጠ፦ አትምታው፣ አትሽሸው፤ ፊት ለፊት እያየህ «ማን ነህ? ምን ትፈልጋለህ?» በለው።

የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ስፑርማከርና ቫን ደን ባውት በ2006 ያሳተሙት አነስተኛ ጥናት ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። በቅዠት የሚሰቃዩ 23 ሰዎችን ይዘው ለከፊሎቹ ንቁ ሕልምን አስተማሩ፤ የተማሩት ቅዠታቸው ቀነሰ። ሆኖም ቅዠቱ እንዲቀንስ በሕልሙ ውስጥ ንቁ መሆን ግድ አልነበረም። ቅዠቱን ቀን ላይ አንሥቶ መጨረሻውን በሐሳብ መለወጥ የትምህርቱ ክፍል ስለነበር፣ ከሥራው ጥቂት የማይባለው በንቃት ተሠርቶ ያለቀ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ለሁሉም ሰው አይሆንም። ከጦርነት ወይም ከጥቃት የተረፈና ቅዠቱ ያንን የሚመልስበት ሰው፣ እውነትና ምናብ የመቀላቀል ሕመም ያለበትም ሰው፣ ብቻውን ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር። ጤነኛውም ቢሆን እንቅልፉን በየሌሊቱ አይቁረጥ፤ በሳምንት አንድ ሁለት ሌሊት፣ ያውም በማግስቱ ሥራ በሌለበት ቀን ይበቃል።

ለጀማሪው የመጀመሪያው መለኪያ ሕልሙ መምጣቱ ሊሆን አይገባም። አሥር ሰዓት ላይ ነቅቶ፣ መብራት ሳያበራ ውኃ ጠጥቶ፣ ተመልሶ በጎኑ ተኝቶ እንቅልፍ ከወሰደው ይህ ራሱ ስኬት ነው። ንቁ ሕልም በየሰዉ ጊዜው ይለያያል፤ በጨለማ በሰላም የመተኛት ችሎታ ግን ሕልሙ ቢዘገይም የማይባክን ትርፍ ነው።