የሥዕል ተማሪ ከአገር አገር የሚዞረው ለምንድን ነው?

ጻባ ጨርሶ ሥዕል ለመማር የሚመርጥ ልጅ ብዙ ቤተሰብ ያሳስባል። ለትምህርት አውሮፓ ሄዶ ከሙዚየም ሙዚየም ሲዞር ደግሞ "ትምህርቱን ትቶ ሽርሽር ላይ ነው" ይባላል። ነገር ግን ለሥዕል ተማሪ ጉዞው ራሱ የትምህርቱ ክፍል ነው።

የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ሆኖም ተሰጥኦአቸው ታይቶ ለንደን ውስጥ ሥዕል ተማሩ። በ1954 አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቻቸውን ለሕዝብ ካሳዩ በኋላ እንደገና ወጥተው ሁለት ዓመት ያህል በጣሊያን፣ በፈረንሳይ፣ በስፔን፣ በፖርቱጋልና በግሪክ ተዘዋወሩ። በባለ ቀለም መስተዋት መሥራትን ተማሩ፤ በየቤተ መጻሕፍቱ ያሉትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትም አጠኑ። አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው 150 ካሬ ሜትር የመስተዋት ሥዕላቸው የዚያ ጉዞ ፍሬ ነው። እንዲህ ያለው ሥዕል የሚታወቀው ብርሃን ሲያልፍበት ቆሞ ላየው ሰው ነው፤ መጽሐፍ ላይ ያለ ፎቶግራፍ መጠኑንም ቀለሙንም በትክክል አያሳይም።

ስለዚህ ልጃችሁ "ለአንድ ሴሚስተር ልሂድ" ቢላችሁ፣ ከመከልከላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ እዚያ የሚማረውን እዚህ ያለው ትምህርት ቤቱ ይቆጥርለታል ወይ? ክፍያውን የሚከፍለው ለማን ነው? ሚልጋ ካለው እዚያም ይቀጥላል ወይ? የሕክምና ኢንሹራንስና ማደሪያስ አለው? መልሱን ከትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ያምጣ። ነገሩ ከተስተካከለ መርቃችሁ ሸኙት።