«ታዝዤ ነው» ያሉት የዩ-852 መርከበኞች

አበው «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይሉ ነበር። ንጉሡ ካልተከሰሰ፣ ሎሌውም «ታዝዤ ነው» ብሎ ከዳነ፣ ለሟች ደም የሚጠየቀው ማን ሊሆን ነው? ይህ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለኝ፣ ጉዞዋ በጎረቤታችን በሶማሊያ ጠረፍ ላይ ያበቃው ዩ-852 የተባለች የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ናት።

ዩ-852 እ.ኤ.አ. በ1943 አገልግሎት የጀመረች፣ ለሩቅ ጉዞ የተሠራች መርከብ ነበረች። በጃንዋሪ 1944 ከኪል ወደብ ተነስታ፣ በሄይንዝ ቪልሄልም ኤክ አዛዥነት ወደ ሕንድ ውቅያኖስ አመራች። ማርች 13 ማታ በደቡብ አትላንቲክ ላይ «ፔሌውስ» የተባለችውን የግሪክ የጭነት መርከብ በቶርፒዶ መትታ አሰጠመች።

እስከዚህ ድረስ ጦርነት ነው። ወንጀሉ የተፈጸመው ከዚያ በኋላ ነው። ኤክ «ስብርባሪው ተንሳፎ ከታየ የጠላት አውሮፕላን ይደርስብኛል» ብሎ ሰጋ። ሰዎች የተጠጉባቸው ተንሳፋፊዎች በመትረየስና በእጅ ቦምብ እንዲመቱ አዘዘ። ከ35 ያህል መርከበኞች በሕይወት የተገኙት 3 ብቻ ነበሩ፤ እነሱንም ከሳምንታት በኋላ አንዲት የፖርቱጋል መርከብ አነሳቻቸው።

ዩ-852 ኤፕሪል 1 ቀን በደቡብ አፍሪካ አቅራቢያ «ዳሆሚያን» የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ አሰጠመች። ሜይ 2 ግን የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደረሱባት። ክፉኛ ስለተጎዳች መርከበኞቿ ወደ ሶማሊያ ጠረፍ አስጠግተው በፈንጂ አወደሟት። 7ቱ ሞቱ፤ የቀሩት ተማረኩ። ዱካውን ለማጥፋት ሰው የገደለው ኤክ፣ የመርከቧን የውሎ መዝገብ ግን ሳያጠፋ ቀርቶ በእንግሊዞች እጅ ወደቀ።

በኦክቶበር 1945 ኤክና 4 የበታቾቹ በሃምቡርግ በእንግሊዝ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ኤክ በበላይ ትእዛዝ አላሳበበም፤ የመርከቤ ደህንነት አስገድዶኝ ነው አለ። ለመሆኑ ያሰበው መሰወር ከሆነ፣ እዚያው ሲተኩስ ሰዓታት ከሚያባክን በፍጥነት ከአካባቢው መራቅ አይሻለውም ነበር? በችሎቱም ይኸው ጥያቄ ተነስቶበታል። የበታቾቹ መከላከያ «ታዘን ነው» የሚል ነበር።

«ይህ የአሸናፊዎች ፍርድ ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ዓቃቤ ሕጉ የጠቀሰው የጀርመንን የራሷን ፍርድ ነበር። የላይፕዚግ ፍርድ ቤት በ1921፣ ከ«ላንዶቬሪ ካስል» ሆስፒታል መርከብ በተረፉ ሰዎች ላይ በመተኮሱ ተግባር የተሳተፉ ሁለት መኮንኖችን ቀጥቷል። ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑ ለማንም ግልጽ ከሆነ ታዛዡ አያመልጥም ብሏል።

ኤክ፣ ሆፍማን የተባለው መኮንንና የመርከቧ ሐኪም ቫይስፕፌኒግ ሞት ተፈረደባቸው፤ ኖቬምበር 30 ቀን 1945 ተረሸኑ። ተራው መርከበኛ ሽቬንደር 15 ዓመት ተፈረደበት። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመሐንዲሱ የሌንዝ ጉዳይ ነው። ትእዛዙን ለኤክ ፊት ለፊት ተቃውሟል፤ በኋላ ግን መትረየሱን ይዞ ራሱ ተኮሰ። የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። እኔ እንደምረዳው ተቃውሞው ከሞት አድኖት ሊሆን ይችላል፤ ነጻ ግን አላወጣውም።

የእኛም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 74፣ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች እንደሚቀጣ ይደነግጋል። አለቃ ሲያዝ ማጉረምረም ብቻውን መከላከያ አይሆንም። ሕጉ የሚጠይቀው ታዛዡ ምን እንደተናገረ ሳይሆን ምን እንደሠራ ነው።