«ጎራዴ ልማር» ለሚል ልጅ ምን ትመልሱለታላችሁ?

በቅርቡ ሁምቦ ጠበላ ወደምትኖረው ታላቅ እኅቴ ዘንድ ለጥየቃ ሄጄ ነበር። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ የተጓዛችሁ ሁሉ ከተማዋን ታውቋታላችሁ። እንደ ልማዷ ረከቦት ዘርግታ ትጠብቀኛለች ብዬ ነበር። ያገኘኋት ግን ግቢው መካከል ቆማ፣ በጉልበቷ ዱላ ስትሰብር ነው።

ዱላው የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ልጇ የሠራው ጎራዴ ነበር። ልጁ በስልክ የጃፓን ፊልም ሲያይ ይከርምና ከባሕር ዛፍ እርጥብ ቅርንጫፍ ይቆርጣል፣ በቢላዋ ጫፉን ያሾላል፣ እጀታውን በአሮጌ ጨርቅ ይጠመጥማል። ከዚያም ጓሮ ገብቶ የእንሰቱን ቅጠል እየጨፈጨፈ ይለማመዳል። ወላይታ ምድር እንሰት የጓሮ ጌጥ ሳይሆን የቤተ ሰብ ጎተራ መሆኑን የምታውቅ እናት እንዴት እንደተቆጣች ገምቱት። (እንጨቱንስ ከተራራው እንዳይሆን የቆረጥኸው ስትል መርምራዋለች። የሁምቦ ተራራ ተራቁቶ ከቆየ በኋላ ገበሬዎች ጉቶውን እየተንከባከቡ 2,728 ሔክታር ደን እንዲያገግም አድርገዋልና፣ ከዚያ ቅርንጫፍ መቁረጥ የሚያስጠይቅ ነገር ነው።)

ትልቁ ክስ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ቀን ከጎረቤት ልጅ ጋር ሲጫወቱ የዚያ ዱላ ጫፍ የልጁን ቅንድብ ሰንጥቆታል። አንዲት ጣት ያህል ዝቅ ቢል ኖሮ ዐይኑ ነበር። የልጁ እናት ክፉ ቃል አልተናገረችም። ነገር ግን በማግሥቱ ጠዋት ለቡና ስትጠራ አልመጣችም። እኅቴን ከእንሰቱም ከዱላውም ይልቅ ያንገበገባት ይህ ነው።

ልጁ ጥግ ይዞ ሲያለቅስ ቆየና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «አክስቴ፣ ታዲያ ጃፓኖቹ ሲለማመዱ እንዴት አይተላለቁም?» አለኝ።

እናንተ እናቶች፣ ይህን ጥያቄ በቁጣ አትለፉት። ጃፓኖችም ራሳቸው ይህን ጥያቄ ብዙ ዘመን ሲያወጡት ሲያወርዱት ኖረዋልና። እኔም መልስ ፈልጌ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ።

በመጀመሪያ ካታና የሚባለው የጃፓን ጎራዴ በአንድ በኩል ብቻ የተሳለ፣ ቆልመም ያለ፣ ብዙውን ጊዜ በሁለት እጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። በዚህ ነገር ከጓደኛ ጋር መለማመድ ማለት ከሁለት አንዱን መቅበር ማለት ነው። ስለዚህ ቀድሞ የጎራዴ ተማሪዎች ጎራዴውን በእንጨት ተኩ። ይህ የእንጨት ጎራዴ ቦኬን ይባላል። ከጠንካራ እንጨት፣ በተለይም ከባሉጥ ዛፍ ይሠራል፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ስለት የለውም። ነገር ግን ስለት የለውም ማለት አይገድልም ማለት አይደለም። ሚያሞቶ ሙሳሺ የተባለው ስመ ጥር ጎራዴኛ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1612 ሳሳኪ ኮጂሮ የተባለውን ተቀናቃኙን የገደለው በእንጨት ጎራዴ ነው ተብሎ ይተረካል። የእኅቴ ልጅ ይህን ስነግረው ዐይኑ ፈጠጠ። «እንጨት እኮ ነው» ሲል የከረመው እሱ ነበር።

እንግዲህ በቦኬን የሚለማመዱ ሰዎች አይመታቱም። ማን እንደሚሰነዝር፣ ማን እንደሚያፈገፍግ፣ እርምጃው ስንት እንደሆነ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ካታ ይሉታል። እንጨቱ ከጓደኛ ግንባር ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ይቆማል። ይህን ለማድረግ ዓመታት ይፈጃል፤ ለዚህም ነው ሁለት ጀማሪዎች ያለ አስተማሪ ቦኬን ይዘው ፊት ለፊት እንዲቆሙ የማይፈቀደው።

ይሁን እንጂ ሳይመቱ መመታትን መከላከል እንዴት ይለመዳል? የጃፓኖች ብልኀት እዚህ ላይ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ካሚኢዙሚ ኖቡቱና የተባለ መምህር ቀርከሃ ሰንጥቆ በቆዳ ከረጢት ውስጥ ከተተና ተማሪዎቹን በዚያ ያለማምድ ጀመር። ቀርከሃው ሲያርፍ ያማል እንጂ አጥንት አይሰብርም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ የራስ ቁሩ፣ የደረቱና የእጁ መከላከያ ተሻሻለ። በዚህ ጊዜ ሰው ጓደኛውን ሳይሳሳ ባለ በሌለ ኃይሉ መትቶ፣ ማታ አብሮት እራት መብላት ቻለ። የዛሬው ኬንዶ የተወለደው ከዚህ ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ መስሎ እንዳይታያችሁ። የእኛ ፈረሰኞች በጥምቀት ጉግስ ሲጫወቱ በጦር ፋንታ ዘንግ ነው የሚወራወሩት፤ ተባራሪውም በጋሻ ይመክታል። የጦርነት ልምምድ ነው፤ ብረቱ ግን የለበትም። አያቶቻችንም ጃፓኖችም እዚያው ሐሳብ ላይ ደርሰዋል።

ጃፓንንም ቢሆን ያወቅናት በፊልም አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. መልእክተኛ ሆነው ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውልናል። አበበ ቢቂላም በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ፣ በዚያው ኦሎምፒክ ኬንዶ ለትርዒት ቀርቦ ነበር። ልጆቻችሁ ይህን ቢሰሙ ይወዳሉ።

ወደ መሣሪያው ልመለስ። የዛሬው የኬንዶ መለማመጃ ሺናይ ይባላል። አራት የቀርከሃ ስንጣቂዎች ተገጣጥመው፣ ጫፋቸው የቆዳ ቆብ ለብሶ፣ እጀታቸውም በቆዳ ተጠቅልሎ፣ በአንድ በኩል በጅማት መሰል ክር ይወጠራሉ። ያ ክር ያለበት ወገን የጎራዴው ጀርባ ነው፤ የሚመታው በተቃራኒው ነው። ለአዋቂ ርዝመቱ ከ120 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ክብደቱም በውድድር ለወንድ ከ510፣ ለሴት ከ440 ግራም እንዳያንስ ተወስኗል። ለልጆች ያጠረና የቀለለ አለ። የአባቱን ለልጁ መስጠት ግን ስሕተት ነው፤ ከክንዱ በላይ የሆነ ዱላ የያዘ ልጅ ዱላው ይመራዋል እንጂ እሱ ዱላውን አይመራም።

«ቀርከሃ ከሆነማ ጨንቻ ሞልቶ የለ!» አለች እኅቴ ይህን ስትሰማ። እውነት ነው፤ ዶርዜዎች ቤታቸውን የሚሠሩበት የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ለስንጠቃ ይመቻል፤ የቆላው ውስጡ የሞላ ነው። ነገር ግን ቤት ውስጥ ሰንጥቃችሁ ለልጅ እንዳትሰጡ። የቀርከሃ ስንጥር ከምላጭ አይሻልም። በጃፓን እንኳ የተሰነጠቀ ሺናይ ስንጥሩ በራስ ቁሩ የብረት መረብ መካከል አልፎ ዐይን የወጋበት ጊዜ ስላለ፣ ተማሪው ልምምድ ከመጀመሩ በፊት አራቱንም ስንጣቂዎች በጣቱ እየዳሰሰ፣ የጫፉን ቆዳ እየነካ መመርመር አለበት። ስንጥር የጀመረውን ይፍቃል፤ የተሰበረውን ይጥላል እንጂ በፕላስተር ጠግኖ አይገባም። እኔን ከጎራዴው ሁሉ የማረከኝ ይህች ምርመራ ናት። ጓደኛዬ እንዳይጎዳ ብሎ መሣሪያውን የሚፈትሽ ልጅ ማን ይጠላል?

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ለግድግዳ ጌጥ የሚሸጠውን የብረት ጎራዴ ዐይታችሁ ይሆናል። ለልምምድ ብላችሁ እንዳትገዙት። ብዙዎቹ እጀታው ውስጥ የሚገባው ብረት ቀጭን ነው፤ ሲወዘወዝ ይሰበርና ስለቱ ተወርውሮ ሰው ላይ ያርፋል። ብረት መሰል ነገር ይዘው የሚለማመዱ አሉ፤ ትምህርታቸው ኢያይዶ ይባላል፣ ጎራዴን ከአፎት መዞ መሰንዘርና መመለስ ነው። እነሱ ግን ብቻቸውን ነው የሚሠሩት፤ ጀማሪውም የሚይዘው ኢያይቶ የተባለ፣ ብዙውን ጊዜ ከዚንክና ከአሉሚኒየም ቅልቅል የተሠራ፣ ያልተሳለ ጎራዴ ነው። በተሳለ ጎራዴ መቁረጥን የሚለማመዱ ከእነሱም የላቁት ናቸው፤ የሚቆርጡትም በውኃ የራሰ ጥቅል ሰሌን ነው። የሰው እንሰት አይደለም! አልኩት፤ ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

ይህን ሁሉ ስናወራ የልጁ ታናሽ እኅት አጠገባችን ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ቀና ብላ «ሴትስ ትማራለች?» አለች። እናቷ «አንቺ ደግሞ!» ብላ ልታልፈው ስትል ያዝኳት። ጃፓን ውስጥ ናጊናታ የሚባል፣ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ቆልማማ ስለት ያለው መሣሪያ አለ። የጦረኛ ቤት ሴቶች ቤታቸውን የሚጠብቁበት ነበር፤ በኋላም በትምህርት ቤት ለልጃገረዶች ይሰጥ ጀመር። ዛሬ የሚለማመዱበት ከ210 እስከ 225 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በስለቱ ቦታ ቀርከሃ ይታሰርበታል። ናካኖ ታኬኮ የተባለች ወጣት በ1868 በአይዙ ጦርነት ሴቶችን አስከትላ ናጊናታ ይዛ ጠመንጃ ከያዙ ወታደሮች ጋር ስትዋጋ በጥይት ወድቃለች። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። በኬንዶም ሴቶች የራሳቸው የውድድር ሻምፒዮና አላቸው። ትንሿ ልጅ ባቄላውን ትታ አዳመጠችኝ።

እንግዲህ ልጃችሁ ወይም እናንተ ራሳችሁ መጀመር ብትፈልጉ፣ ለምን ቢሉ ከሥራ መልስ ክንድና ጀርባ የሚያፍታታ ነገር ለሴት ሠራተኛም ይጠቅማልና፣ በቅድሚያ ምንም አትግዙ። የመጀመሪያው ትምህርት እግር ነው። ቀኝ እግር ከፊት፣ ግራው ከኋላ፣ የግራው ተረከዝ ትንሽ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ እግርን ሳያነሡ እያንሸራተቱ ወደፊትና ወደኋላ መሄድ። ይህን ለብዙ ቀናት። ከዚያ ሰው በሌለበት፣ ከላይ ጣሪያ በማይነካበት ቦታ፣ ቀጥ ያለ የመጥረጊያ እጀታ በሁለት እጅ ይዞ ከራስ በላይ አንሥቶ ማውረድ። ግራ እጅ ከታች ነው፣ ኃይሉም ከእሱ ነው፤ ቀኙ አቅጣጫ ብቻ ይመራል። ጀማሪ ሁሉ በቀኙ ይጨብጥና ትከሻውን ያመዋል። ልጁንም እንዲሁ አመመው።

አስተምራለሁ የሚል ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ልጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ቀን ጥግ ይዛችሁ ተመልከቱ። መሣሪያ ከልምምድ በፊት ይመረመራል? ልጆች ያለ ራስ ቁር ይመታታሉ? ጉሮሮ ላይ መውጋት ለሕፃናት ያስተምራል? ተማሪዎቹ ሲጀምሩና ሲጨርሱ እጅ ይነሣሣሉ? በመጀመሪያው ቀን ቦኬን አስይዞ የሚያጋጥም ሰው፣ ምንም ያህል ቀበቶ ቢታጠቅ፣ እኔ ልጄን አልሰጠውም።

ምናልባት አደጋ ቢደርስ ደግሞ፣ ዐይኑ የተወጋ ልጅ ዐይኑን እንዳያሽ እጁን ያዙት። የገባ ስንጥር ካለ ለማውጣት አትሞክሩ፣ ጨርቅም አትጫኑበት፤ ንጹሕ ሲኒ የመሰለ ነገር ሳይነካው በላዩ ከልላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የወተትና የቅጠል ነገር ይቅር።

እስከዚያው ለልጁ ምን እንስጠው? አለች እኅቴ። ይዤ የሄድኩትን የሳምንቱን ጋዜጣ አነሣሁ። አራት አምስት ገጽ ደርባችሁ በቀጭኑ ትጠቀልሉና በሦስት ቦታ ላይ በፕላስተር ታስሩታላችሁ። ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በጨርቅ ሸፍኑት። ሲመታ ይጮኻል እንጂ አይሰብርም፤ ቢሰበርም ሌላ ሳምንት አለ። (አዘጋጁ ይቅር ይበለኝ፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ነው ታዲያ።) ፊት አይመታም፣ አይወጋም፣ «በቃ» ሲባል ይቆማል የሚል ሕግ አወጣንለት። ሕጉን ያስጻፍነው ራሱን ነው።

በማግሥቱ ልጁ ሁለት ጥቅል ሠርቶ አንዱን ይዞ ጎረቤት ሄደ። ምን ብሎ ይቅርታ እንደጠየቀ አልሰማሁም፤ ብዙ ቆየ። ኋላ ቅንድቡ ላይ ፕላስተር የለጠፈው ልጅ ጥቅሉን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አድርጎ ከኋላው ተከትሎ መጣ። ግቢው በጋዜጣ ጩኸት ተሞላ። ትንሿ ልጅ «ተራዬ!» እያለች ዙሪያቸውን ትዞራለች።

እኅቴ ጀበናውን ጥዳ ነበር። አቦሉ ሳይቀዳ የአጥሩ በር ተንኳኳ፤ የልጁ እናት ነበረች፣ ቆሎ በሰፌድ ይዛ።