«አሳድጉልኝ» ወይስ «ያንቺ ናት»? በቃል ስምምነት ለማሳደግ በሚሰጡ ቡችላዎች ላይ ስለሚነሡ ክርክሮች

(ለሕግ ተማሪዎችና መምህራን ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ተገልብጦ የተዘጋጀ)



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ ፈገግ ያላችሁ እንደነበራችሁ ሰምቻለሁ። «የውል ሕግንና ቡችላን ምን አገናኛቸው?» ያለም አልጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም በሠላሳ ዓመት የማስተማር ዘመኔ የውል ትርጓሜን፣ የይዞታን ግምትና የፍሬን ባለቤትነት በአንድ ጊዜ የሚፈትን እንዲህ ያለ ትንሽ ጉዳይ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ከጉዳዩ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈሬ ለሽምግልና ተጠራሁ። ተከራካሪዎቹ አንድ ውሻ አርቢና አንድ ቤተሰብ ነበሩ። አርቢው የሁለት ወር ሴት ቡችላ ለቤተሰቡ ከሰጠ ሁለት ዓመት አልፎታል። ገንዘብ አልተቀበለም፤ ወረቀትም አልተጻፈም። የቤተሰቡ አባት ቡችላዋን ሲረከብ አርቢው «አሳድጉልኝ፤ ስትወልድ ሁለት ትሰጡኛላችሁ» እንዳለው አልካደም። አርቢውም በበኩሉ ቡችላዋን በዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ክንድ ላይ ሲያስቀምጥ «በይ፣ ያንቺ ናት» ማለቱን አልካደም። በዕለቱ ስለተነገሩት ቃላት በሁለቱ ወገኖች መካከል ምንም ልዩነት አልነበረም። ልዩነቱ አንዱ ወገን የመጀመሪያውን፣ ሌላው የሁለተኛውን ቃል ውል አድርጎ መያዙ ነበር። ልጅቱ ግን ሽምግልናው ባለቀባቸው ሰዓቶች ሁሉ የውሻዋን ገመድ በእጇ ጠቅልላ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር።

እንዲህ ያለው ስምምነት የእኛ ሰፈር ፈጠራ አይደለም። ውሻ ማርባት የተደራጀ ሥራ በሆነባቸው እንደ ብሪታንያና አሜሪካ ባሉ አገሮች የቆየ ልማድ ነው። አርቢው መልካም ዘር ያላትን ሴት ቡችላ ለማርባት ሊያስቀራት ይፈልጋል፤ ነገር ግን ሁሉንም በግቢው ቢያስቀር ቦታው ይጠበዋል፣ ውሾቹም በረት ውስጥ እንደተዘጉ ያድጋሉ። ስለዚህ ቡችላዋን ለአንድ ቤተሰብ በነጻ ወይም በዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በምላሹም አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የማስወለድ መብት፣ ወይም ከሚወለዱት ድርሻ ያስቀራል። ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። ክርክሩ የሚነሣው ዘግይቶ፣ ውሻዋ ለመውለድ በደረሰች ጊዜ ነው።

ዘግይቶ የሚነሣበት ምክንያት ከእንስሳው ተፈጥሮ ጋር የተያያዘ ነው። ስኮትና ፉለር የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት የታወቀ ሥራቸው፣ ቡችላ ከሰው ጋር መላመድን በጥልቀት የሚማርበት ጊዜ በግምት ከሦስተኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለው መሆኑን አሳይተዋል። ቡችላ ከእናቱ የሚለየው ብዙውን ጊዜ በስምንተኛው ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ የዚህ ወሳኝ ጊዜ የመጨረሻ ክፍል በአሳዳጊው ቤት ይውላል። አርቢው የሰጠው ዘር ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሊወስድ የሚመጣው ግን ዘሩን ብቻ አይደለም። ጠባይዋ፣ ስትጠራ መምጣቷ፣ ልጅ አለመንከሷ የአሳዳጊው ድካም ውጤት ነው። በአንድ አካል ላይ የሁለት ሰዎች ሀብት ተዋሕዷል፤ ሁለቱን ለመለየት ደግሞ አይቻልም።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ውል ስሙ ማን ነው?» የሚል ነው። ስጦታ ከሆነ ባለቤትነት ለአሳዳጊው ተላልፏል፤ የሁለቱ ቡችላዎች ነገር በስጦታው ላይ የተጣለ ግዴታ ይሆናል። አደራ ከሆነ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2779 እንደተመለከተው ተቀባዩ የሌላውን ዕቃ ሊጠብቅ ብቻ ነው የተረከበው። ትውስት ከሆነ ተቀባዩ በነጻ ሊገለገልበት ይችላል፤ ሲያበቃ ግን ይመልሳል። ሽያጭ ከሆነ ዋጋው ገንዘብ መሆን አለበት፤ ገና ያልተወለደ ቡችላ ደግሞ ገንዘብ አይደለም።

የስሙ ልዩነት ኪስን ይነካል። አደራ ተቀባይ ዕቃውን ለመጠበቅ ያወጣውን ወጪ ሊጠይቅ ይችላል። ትውስት ተቀባይ ግን ሌላ ነው፤ ለምሳሌ የስዊዘርላንድ የግዴታዎች ሕግ በአንቀጽ 307 የተራ አያያዝ ወጪን፣ በእንስሳም ጊዜ የመኖውን ወጪ የሚሸከመው ተዋሹ መሆኑን በግልጽ ደንግጓል። በሰፈራችን ጉዳይ ቤተሰቡ የሁለት ዓመት የምግብና የክትባት ወጪ ዝርዝር አቅርቦ ነበር። ያ ዝርዝር ዋጋ የሚኖረው ወይም የማይኖረው ለስምምነቱ በምንሰጠው ስም ነው።

የስሙ ልዩነት ኃላፊነትንም ይነካል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2071 መሠረት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው፤ ተከታዩ አንቀጽ ደግሞ እንስሳውን ለጥቅሙ የያዘውን ሰው ወደ ኃላፊነቱ ያስገባዋል። ይህን ለሁለቱም ወገኖች ባነሣሁ ጊዜ የተፈጠረውን ዝምታ አልረሳውም። ውሻዋ የእኔ ናት ለማለት የተሽቀዳደሙት ሰዎች፣ «ጎረቤት ብትነክስ ኖሮ ካሣውን ማን ይከፍል ነበር?» ሲባሉ አንዳቸውም ቀድመው አልመለሱም። ለተማሪዎቼ የምመክረው ይህንን ነው፤ የባለቤትነትን ክርክር ስትሰሙ ጥቅሙን ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም ማን ሊሸከም ፈቃደኛ እንደነበር ጠይቁ።

ሁለተኛው ጥያቄ የማስረጃ ነው። ብዙ ሰው «ወረቀት ስለሌለ ውል የለም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። በአንቀጽ 1719 እንደተደነገገው፣ ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በቃል ይጸናል። ከ500 ብር በላይ ለሆነ የገንዘብ ብድር አንቀጽ 2472 የሚያዘው ዓይነት የማስረጃ ገደብ ለቡችላ ማሳደግ አልተደነገገም። ስለዚህ ምስክር ይሰማል። ነገር ግን በአንቀጽ 1193 መሠረት ተንቀሳቃሽ ንብረትን በእጁ ያደረገ ሰው ለራሱ እንደያዘና ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ግምቱን ማፍረስ የከሳሹ ሸክም ነው። ከሳሹ ሁልጊዜ አርቢው ስለሚሆን፣ በቃል የሰጠ አርቢ ክርክሩን የሚጀምረው ከኋላ ተነሥቶ ነው።

አርቢዎች በዚህ ጊዜ የዘር ምዝገባ ወረቀት ያቀርባሉ። ወረቀቱ ግን ከሚመስለው ያነሰ ኃይል አለው። እ.ኤ.አ. በ1873 የተመሠረተው የብሪታንያው ኬነል ክለብ እንኳ ምዝገባው የሕጋዊ ባለቤትነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ ራሱ ይናገራል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ግዴታ የሆነው ከቆዳ ሥር የሚቀበር መለያም ቢሆን የሚመዘግበው ውሻው ዘወትር የሚኖርበትን ጠባቂ ነው እንጂ ባለቤቱን አይደለም።

እንግዲህ ቃሉ ሁለት ትርጉም ሲኖረው ዳኛው ምን ያደርጋል? አንቀጽ 1734 የተዋዋዮቹን የጋራ ሐሳብ እንዲፈልግ፣ ለዚህም ከውሉ በፊትና በኋላ ያሳዩትን ጠባይ እንዲመረምር ያዘዋል። ቋንቋችን እዚህ ላይ ይረዳናል። «አሳድጉ» እና «አሳድጉልኝ» አንድ አይደሉም፤ «ልኝ» የምትለዋ ቅጥያ የድካሙን ፍሬ ወደ ተናጋሪው ታዞራለች። «ያንቺ ናት» የሚለው ደግሞ ለሕፃን የተነገረ የማባበያ ቃል ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ አርቢው በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሊጠይቃት አለመምጣቱ፣ ለክትባቷም አለመክፈሉ፣ ከቃሉ ይልቅ ጠባዩ ስለ ስጦታ እንዲመሰክር ያደርጋል።

ሦስተኛው ጥያቄ የግልገሎቹ ነው። ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ የእንስሳ ግልገል እናቱን ይከተላል፤ የእናቲቱ ባለቤት የልጆቿም ባለቤት ነው። ይህ ግን ተዋዋዮች ሌላ ነገር እስካልተስማሙ ድረስ ነው። የእኛ አገር ገበሬ ደግሞ ሌላ ነገር መስማማትን ከማናችንም በላይ ያውቅበታል። በብዙ ገጠሮች «የርቢ» እየተባለ በሚጠራው ልማድ፣ ላም ያለው መኖና ጉልበት ላለው ይሰጣል፤ ጠባቂው ወተቱን ይጠጣል፣ ጥጆቹን ይካፈላሉ። የዮስቲንያኖስ የሕግ መድበልም ከብትን በግልገል ድርሻ ለእረኛ መስጠትን ያውቃል። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1800 ጀምሮ ይህንኑ ውል በሰፊው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 1811 ወተቱ፣ ፍጉና የእንስሳው ጉልበት የጠባቂው ብቻ እንደሆነ፣ እንስሳው ያለ ጥፋቱ በአጋጣሚ ሁሉ ቢያልቅ ኪሳራውን በጠቅላላ በጠባቂው ላይ የሚጭን ስምምነትም ዋጋ እንደሌለው ይናገራል።

ታዲያ የርቢ ስምምነት ለላም ከሠራ ለውሻ ለምን አይሠራም? የእኔ መልስ ይህ ነው። የላም ጠባቂ ደመወዙን በየቀኑ ይቀበላል፤ ወተቱ ከላሚቱ ይለያል። ቀኑ ደርሶ ላሚቱ ስትመለስ የጠጣው ወተት የእሱ ሆኖ ይቀራል። የውሻ አሳዳጊ ደመወዙ ምንድን ነው? ጓደኝነትና ፍቅር ነው፤ ይህም ከእንስሳዪቱ ተለይቶ በዕቃ አይቀዳም። በየቀኑ የሚቀበለው ደመወዝ ራሱ መመለሱን ይበልጥ የማይቻል ያደርግበታል። አርቢው «ንብረቴን» ሲል፣ አሳዳጊው ደግሞ «ቤተሰቤን» ሲል ሁለቱም ከልባቸው ነው።

ሕግ ይህን እውነት ቀስ በቀስ እያወቀው ነው። ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ጀርመን በ1990 እንስሳት ዕቃዎች እንዳልሆኑ በሕጎቻቸው ደነገጉ፤ ሆኖም የዕቃ ደንቦች እንደአግባቡ ይፈጸሙባቸዋል። ስዊዘርላንድ ከ2003 ጀምሮ አንድ እርምጃ አለፈች። በፍትሐ ብሔር ሕጓ አንቀጽ 651ሀ መሠረት፣ በጋራ በተያዘ የቤት እንስሳ ላይ ክርክር ሲነሣ ፍርድ ቤቱ እንስሳውን ለደኅንነቱ የተሻለ አያያዝ ለሚሰጠው ወገን ይወስናል፤ ለሌላው ካሣ ሊያስከፍል ይችላል። ነገር ግን ድንጋጌው የሚሠራው ለሀብት ወይም ለገቢ ላልተያዘ እንስሳ ብቻ ነው። የእኛ ጉዳይ የሚወድቀው በዚሁ ድንበር ላይ ነው፤ አንዲቱ ውሻ ለአርቢው የገቢ ምንጭ፣ ለአሳዳጊው የቤት ጓደኛ ናትና። በአሜሪካም የኒው ጀርሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2009፣ በተለያዩ ጥንዶች መካከል በቃል የተደረገ የውሻ ስምምነት በገንዘብ ግምት ብቻ መቋጨት እንደሌለበት፣ ውሻውን በዓይነት ማስረከብም ሊታዘዝ እንደሚችል ወስኗል። ልብ በሉ፤ ይህ ምክንያት ለአሳዳጊውም ለአርቢውም እኩል የተከፈተ በር ነው።

ወደ ሽምግልናችን ልመለስ። ውሻዋ ከቤተሰቡ ጋር እንድትቀር፣ ስትወልድ ሁለት ቡችላ ለአርቢው እንዲሰጥ አስታረቅን፤ ተቃቅፈው ተለያዩ። በሚቀጥለው ዓመት ያው አርቢ ያንኑ ደጃፍ አንኳኳ። ውሻዋ አልወለደችም ነበር፤ የእንስሳት ሐኪሙም መውለድ ለጤናዋ እንደማይበጅ ተናግሯል። እኛ ሽማግሌዎቹ፣ ከመካከላችንም የሕግ ዶክተር የተባልኩት እኔ፣ «ባትወልድስ?» ብለን አልጠየቅንም ነበር። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት እያወቅን ውሉን በሰማይ ላም ላይ አቆምነው። በሁለተኛው ጊዜ ቤተሰቡ የአንድ ቡችላ ዋጋ ከፈለ፤ አርቢውም ማናቸውንም ጥያቄ መተዉን ጽፎ ፈረመ። ግማሽ ገጽ የማትሞላው ያች ወረቀት መጻፍ የነበረባት ከሦስት ዓመት በፊት ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ስምምነት ሊያደርግ ለሚመጣ ሰው፣ ነገ ጠበቆች ስትሆኑ፣ እነዚህን ጥያቄዎች አቅርቡለት። ዛሬ ባለቤቷ ማን ነው? መቼስ ይለወጣል? ምግቡንና ሕክምናውን ማን ይከፍላል? ትውለድ አትውለድ የሚለውን ማን ይወስናል፣ የሐኪም ቃልስ የበላይ ነው ወይ? ስንት ጊዜ ወልዳ ግዴታው ያበቃል? ባትወልድ ወይም ብትሞት ምን ይሆናል? ጉዳት ብታደርስ ማን ይጠየቃል? የእነዚህ መልስ በሁለቱ ፊርማ ከተጻፈ አብዛኛው ክርክር ሳይወለድ ይቀራል።

አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። አደራ የሚጠብቀው ግን መጀመሪያ አደራ መሆኑ ሲታወቅ ነው። ሰጪው አደራ፣ ተቀባዩ ስጦታ ብሎ የያዘውን ነገር የሁለቱም ቅንነት ሊያድነው አይችልም። አንቀጽ 1732 ውልን በቅን ልቦና እንድንተረጉም ያዘናል፤ ቅን ልቦና በትርጓሜ ቀን ብቻ ሳይሆን በመዋዋያው ቀንም ይፈለጋል። የዚያን ዕለት ቅንነት ማለት ለአባትየው የሚነገረውንና ለልጅቱ የሚነገረውን ቃል አንድ ማድረግ ነበር።